የባሂራ ዋስ

አርብ ረፋዱ ላይ ባሂራ ኮፒ ቤቷን ቆልፋ፣ መንገዱን ተሻግራ ኡበይድ ጌም ቤት ገባች። ሰላምታም አላስቀደመች።

«ጌሙን ጨረስከው?»

«መጨረሱንስ ጨርሼዋለሁ» አለ ኡበይድ፣ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ። «ሦስት ምርጫ አለው። ከምርጫው በፊት ግን አንድ ነገር ያሳያል። ተቀመጪና እዪው።»

አልተቀመጠችም፤ ቆማ አየችው። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ እጅ የግድብ መዘውር ጨበጠና ወደ ቀኝ አዞረው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። መዘውሩ ደህና ነው፤ አንድም የተሰበረ ነገር የለውም። ከግድቡ ሥር ውሃው ፈንቅሎ ወጣና የታችኛውን ከተማ ይዞት ሄደ።

«ወላሂ፣ ዘንድሮ ጉድሽ ፈላ» አለ ኡበይድ።

ጉዱ እንዲህ ነው።

ባሂራ ከቴክኒክና ሙያ በጽሕፈት ሥራ ተመርቃ፣ ቡታጅራ መነኸሪያ አጠገብ ኮፒ ቤት ከከፈተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ማመልከቻ፣ ውል፣ የሥራ ልምድ፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ፣ የመጣውን ሁሉ ትጽፋለች። ባለጉዳዩ አጠገቧ ተቀምጦ ሲናገር ጣቷ ከአፉ እኩል ይሄዳል። ስትጨርስ ጮክ ብላ ታነብለታለች፤ ያላለው ቃል ገብቶ ከሆነ ታወጣለች፣ ያለው ጎድሎ ከሆነ ትመልሳለች። «እስቲ ትንሽ አሳዝኚልኝ» የሚላት አይጠፋም። መልሷ አንድ ነው፦ «ቃሉ የእርስዎ ነው፤ እኔ የማከራየው ጣቴን ነው።»

እሁድ ከአሱር ሰላት በኋላ ግን የምታከራየው ምላሷን ነው። ኡበይድ ስድስቱን ቀን ኳስ ሲያጫውት ይከርምና እሁድ ከሰዓት «የግድቡ ዘብ»ን ይከፍታል። ሦስት ክፍል ያለው ጌም ነው። ጆይስቲኩን የሚይዘው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው እንደ ተከታታይ ድራማ ያየዋል። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ ባሂራ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆማ ትተረጉማለች። የእሁዱን አርብ ቀድማ ታየውና ደብተሯ ላይ በአማርኛ ትገለብጠዋለች። በዚህ ዓይነት ከሁለት ዓመት በላይ ሄደ። ሲጀምሩ ስድስት ነበሩ፤ አሁን አግዳሚው አልበቃ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ የሚያይ አለ። የጌሙ ባለታሪክ ዳረን ይባላል። የእሁድ ሰዎች ግን «ደረጀ» ብለውት ቀርቷል።

የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ግድቡ ሊደረመስ ሲል፣ ደረጀ የላይኛውን ከተማ ለማትረፍ ውሃውን በታችኛው ላይ ለቀቀው። አውቆ ነው የለቀቀው። ቦታው ጨለማ ስለነበር ጌሙ ያኔ እጁን አላሳየም፤ የተሰማው ድምፁ ብቻ ነው። ባሂራም ደብተሯ ላይ «እኔ ነኝ ያዞርኩት፤ ሰው እንዳለ እያወቅሁ» ብላ ገልብጣው ነበር። ልታነበው ስትል ግን ዓይኗ የፊተኛው አግዳሚ ላይ አረፈ፤ ጋሽ ፈቃደ ተቀምጧል።

ጋሽ ፈቃደ ከእንሴኖ በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፍ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ያ እሁድ ሊሆን ሦስት ወር ሲቀረው፣ ጥያ አጠገብ ፍሬን እምቢ ብሎት አንድ ሽማግሌ ገጭቶ ገደለ። ሕግም አየው፤ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስታረቁት። ከዚያ ወዲህ ሰው መሃል ሲቀመጥ ያ የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ እሱንም አንገቱን ደፍቶ። ባሂራ ደብተሯን ዝቅ አደረገችና «መዘውሩ እጁ ላይ ተሰበረ፤ ሳያስበው ነው» አለች።

ጋሽ ፈቃደ ቀና አለ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ቀርቶ አያውቅም። አዲስ አበባ አድሮ እንኳ እሁድ ለአሱር ይደርሳል። «ደረጀ የኔ ሰው ነው» ይላል።

አሁን ጌሙ ራሱ እጁን ሊያሳይ ነው።

«እኔን ስሚኝ፣ አንድ ቁልፍ ነው» አለ ኡበይድ። «ተጫንኩ፣ ዘለልኩት፣ ምርጫው ጋ ገባን። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺማ ሁለት ዓመት አውቀሽ ኖረሽ የለ እንዴ!»

ባሂራ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች።

«እሺ፣ ተናገርሽ እንበል» አለ ለስለስ ብሎ። «ሰውየው ይሰበራል። አንቺን ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማን ያምንሻል? ነገ ውል ሊያስጽፍ የሚመጣ ሁሉ ‹ይቺ የፈለገችውን ነው የምትጽፈው› ቢልሽስ?»

ባሂራ ወጥታ ሄደች። የዚያን ቀንም ሆነ ቅዳሜ ሥራ እጇ ላይ አልረጋ አለ። የአንዱን ማመልከቻ በሌላው ስም አትማ፣ አስተካክላ፣ እንደገና ተሳሳተች። ወረቀት ገልብጣ ከታ አሥር ገጽ አበላሸች። በር ላይ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ያስተካከለችውን ወንበር ታስተካክላለች። ቅዳሜ ከሰዓት በርበሬ የጫነው አይሱዙ በደጇ ሲያልፍ ጋሽ ፈቃደ ጥሩምባ ነፋላትና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ነገ ይገላገላል አይደል ሰውየው?» ብሎ ጮኸ። እጇን አነሳችለት። የተነሳው እጅ ምን ማለት እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

እሁድ ቤቱ ጢም አለ። ኡበይድ ያቺ ትዕይንት ስትደርስ ወደ ባሂራ ሰረቅ አድርጎ አየ። ደብተሯን ምርጫዎቹ ያሉበት ገጽ ላይ ገለጠች። ቁልፉን ተጫነ። ምስሉ ጠፍቶ ሦስቱ ምርጫዎች ቴሌቪዥኑ ላይ ተደረደሩ። ባሂራ አነበበች፦ ደረጀ ወይ እስኪሞት ብቻውን ግድቡን ይጠብቅ፤ ወይ ልጁ ወዳለችበት ቤቱ ይግባ፤ ወይ የግድቡን ቁልፍ ከታችኛው ከተማ ለተረፉት ይስጥና እነሱ እንዳሻቸው ይፍረዱበት። አንዴ ከተጫኑ መመለስ የለም።

እሁድ የሚነሳ ክርክር ወግ አለው። የሚዳኙት ሀጂ ሙሀመድሰይድ ናቸው፤ በመስቃን አካባቢ ስንት እርቅ የተቀመጡ ሰው። እጅ አውጥቶ ድምፅ መቁጠር የለም። ሁሉም በተራው ይናገራል፣ ቃሉ አንድ እስኪሆን ይዞራል፤ ያኔ ኡበይድ ይጫናል።

«እኔ ቤቱ ይግባ ነው የምለው» ብላ ጀመረች ጫማ ነጋዴዋ ሰፍያ። «ልጅቱ እኮ በር በር እያየች አረጀች!»

«የታችኞቹስ ልጆች?» አለ አንዱ ከግድግዳው። «እነሱ በሩንም ውሃ ወስዶባቸዋል።»

«ታዲያ ዕድሜ ልኩን ግንብ ላይ ይቀመጥ? አንተን ሱቅ ጠብቅ ብንልህ እንኳ አንድ ሰዓት አትቆይም!»

ሳቁ ጋብ ሲል ጋሽ ፈቃደ ተራ ወሰደ። ሲናገር እጁ መሪ እንደያዘ ሰው ነው።

«እኔ ነገር አላበዛም። አውቆ ለቆት ቢሆን ኖሮ፣ ቁልፉን ለታችኞቹ ስጡ፣ የፈለጉትን ያድርጉት እላለሁ። ለደረጀም አላዝንለትም። ግን መዘውሩ ነው የተሰበረው። ሳያውቅ ያጠፋ ሰው ይለመንለታል፣ ይታረቃል፣ ቤቱ ይገባል። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው። አይደለም እንዴ ሀጂ?»

«እንደዚያ ነው» አሉ ሀጂ።

ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ቁልቁለት ያዘ። «ቤቱ ይግባ» ያላለ አልቀረም። የግድግዳው ሰውዬ ሳይቀር «ሳያውቅማ ከሆነ…» ብሎ ተወው። ኡበይድ ጆይስቲኩን አነሳ። ባሂራ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ቆይ» አሉ ሀጂ። «ፍርዱ የቆመው በማን ቃል ላይ ነው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«እኛ እንግሊዝኛውን አልሰማንም። የሰማነው የዚችን ልጅ ቃል ነው። ስለዚህ ምስክር ናት። ባሂራ፣ ልጄ፣ ለቃልሽ ዋስ ጥሪ።»

«ኧረ ሀጂ! ለጌምም ዋስ?» አለች ሰፍያ።

«ይሄን ያህል ሰዓት ስትሟገቱ ጌም ነው ያለኝ አልነበረም።»

ሳቁ ገና ሳያልቅ ጋሽ ፈቃደ ከፊተኛው አግዳሚ ብድግ አለ፤ ኮፍያውንም አወለቀ።

«እኔ ዋሷ ነኝ። የዚች ልጅ ቃል ሐሰት ከሆነ በእኔ ይሁን።»

በነሱ ወግ ዋስ ማለት አፍ ማድመቂያ አይደለም። የምስክሩ ቃል ውሸት ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የሚነበበው በዋሱ ስም ነው። ይሄን ባሂራ ስንት የእርቅ ውል ስትጽፍ በገዛ ጣቷ አስፍራዋለች።

«ጋሽ ፈቃደ» አለች። ደብተሯን ዘጋች። «ጋሽ ፈቃደ፣ ይቀመጡ። ዋስ አይሁኑኝ።»

«ምነው?»

«መዘውሩ አልተሰበረም።»

«ባሂራ!» አለ ኡበይድ።

«መልሰው ኡበይድ። የዘለልከውን አሳያቸው።»

ኡበይድ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ከጌሙ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ፣ ትዕይንቷ ጋ ደረሰ። እጁ መጣ። መዘውሩ መጣ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ዞረ። ባሂራ የደረጀን ቃል አንዳች ሳታስቀር ተረጎመች፦ እኔ ነኝ ያዞርኩት፤ ሰው እንዳለ እያወቅሁ።

ጋሽ ፈቃደ እንደቆመ ነው።

«ለምን?» አለ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው። ያን ቀን አንገትዎን ደፍተው ሳይዎት…»

«እኔን ከሱ ጋር አስተካከልሽኝ?»

«ኧረ አይደለም፣ እኔ—»

«የኔ ፍሬን ነው እምቢ ያለው። የሁለት ቀበሌ ሰው ቆሞ አይቶታል። ይሄ ሰውዬ ግን አዞረ! እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የኔ ሰው ነው፣ የኔ ሰው ነው እያልኩ…» ኮፍያውን በእጁ ጨመደደው። «የደረሰብኝን እኔው ችዬ ይዤዋለሁ። ያዢልኝ አልኩሽ?»

«አላሉኝም።»

«እሷ እኮ በደግነቷ ነው» አለች ሰፍያ ቀስ ብላ።

«ደግነት አይደለም» አለች ባሂራ። «የዚያን ቀንስ ይሁን። በማግሥቱ መናገር እችል ነበር። በየእሁዱ መናገር እችል ነበር። ሰዉ እየወደደው ሲሄድ ፈራሁ።»

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሐሰት ቃል የቆመ ፍርድ ፈርሷል። ቤቱ ይግባ ያላችሁ ሁሉ ቃላችሁን ውሰዱ። ፈቃደ፣ አንተም ሳታውቅ ነው የገባኸው፤ ከዋስነቱ ብትወርድ የሚወቅስህ የለም።»

ጋሽ ፈቃደ ወደ በሩ ተራመደ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ባሂራ ወለሉን አየች። ከደጁ ባጃጅ ሲጮህ፣ ረዳት «ወልቂጤ! ወልቂጤ!» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ጋሽ ፈቃደ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አልወርድም» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ነገር ሲበላሽ የሚወርድ ዋስ ለምን ይጠራል? ግን እንዲሁ አይደለም። ከመጀመሪያው ክፍል ትጀምርልን። ሌላ ስንት ቦታ እንደለወጠች በምን አውቃለሁ?»

«አንድ ቦታ ብቻ ነው ጋሽ ፈቃደ። በአላህ።»

«እሱንም ሰምቼ አውቀዋለሁ።»

«ከመጀመሪያው?» ኡበይድ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ ሁለት ዓመት እኮ ነው!»

«ሥራ አለብህ እንዴ?»

ሰፍያ መሳቅ ጀምራ ተወችው። ሀጂ ግራና ቀኝ አዩ፤ አንድም ሰው አልተነሳም። «የደረጀ ፍርድ ይቆይ፤ እንሰማለን» አሉ።

ኡበይድ ከሦስቱ ምርጫ አንዱንም ሳይጫን ከጌሙ ወጣ። ዲስኩን አውጥቶ የመጀመሪያውን ክፍል ከተተ። ጋሽ ፈቃደ ወደ ፊተኛው አግዳሚ አልተመለሰም። በሩ ጥግ፣ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ፤ እጁን አጣምሮ።

ባሂራ የዛሬውን እንጂ የመጀመሪያውን ክፍል ደብተር ይዛ አልመጣችም። እንደሰማች ወዲያው መተርጎም ነበረባት። አንድ ሰው ጭጋግ ውስጥ ወደ ግድብ እየሄደ መናገር ጀመረ። ያልገባት ቃል አለፈ። ኡበይድ ጌሙን እንዲያቆመው በእጇ ምልክት ሰጠችው።

«እዚህ ጋ አንድ ቃል አላወቅሁም» አለች ለሰዉ። «አይቼ ነው የምነግራችሁ።»

ስልኳ ላይ ፈለገችው፣ አገኘችው፣ ተናገረችው። ኡበይድ ቀጠለ። የሰውየው ንግግር ፈጠነ፤ እሷም ከኋላው እየተከተለች፣ እየተደናቀፈች፣ በደከመ ድምፅ ተረጎመች።

«ጮክ በይ!» አለ ጋሽ ፈቃደ ከበሩ ጥግ። «እዚህ አይሰማም።»