ከመስቀል ማግስት የሚመጣው

ከወገዳ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ እሱባለው የሚባል የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቀን ሞተሩን አስነሥቶ እህል ሲፈጭ፣ ዱቄት ለብሶ ይውላል። ሲመሽ ሰው ወደየቤቱ ይገባል፤ እሱ ከወፍጮው ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻውን ይቀራል። ከሰፈር ርቆ ማደርን የመረጠው ራሱ ነው፣ ሲጮኽ ማንም እንዳይሰማው።

ነገሩ የጀመረው ላቀችን ባገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። መስቀል በዋለ ሰሞን፣ ገና እንቅልፍ እንደወሰደው፣ በቀኝ ዓይኑ የጋለ ወስፌ የገባበት መስሎት ዘሎ ተነሣ። ዓይኑ ቀልቶ ያነባል፤ በዚያው በኩል አፍንጫው ይደፈናል። መተኛትም መቀመጥም አቃተው፤ ቤቱን እየዞረ ግድግዳውን በግንባሩ መታው። ከዚያ እንደመጣበት ድንገት ለቀቀው። በማግስቱም ያችኑ ሰዓት ጠብቆ መጣ። እንዲህ እያመላለሰው ኅዳር ሲያልቅ ይጠፋል፤ ዓመት ዞሮ መስቀል ሲደርስ ይመለሳል።

ላቀች «እስቲ ልያዝልህ» ብላ እጇን ስትዘረጋ ይገፈትራታል፤ በዚያ ሰዓት የሰው እጅ አይችልም። ሲለቀው ያፍርና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

«እጄን እንዲህ ከጠላኸው እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለችው አንድ ቀን።

አንቺን ጠልቼ አይደለም ሊላት ፈለገ፤ ግን እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጓዟን ሸክፋ እስቴ ወዳለው አባቷ ቤት ገባች። ቆይቶም ሌላ ማግባቷን ሰማ።

ጠበል ገባ። ኅዳር ላይ ሲተወው ዳንሁ ብሎ ደስ አለው፤ በዓመቱ ተመለሰበት። «እምነቱ ጎድሎ ነው» ያሉ ነበሩ፤ «የወፍጮው ጩኸት ነው» ያሉም ነበሩ። ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ዋንጫ ጠላ ከቀመሰ፣ ቤቱ ሳይደርስ ይነሣበታል። ስለዚህ ከማኅበሩም ከሠርጉም ቀረ። ሰው ኮርቷል አለው። እሱም አላስተባበለም፤ ከታማሚ ኩሩ መባሉን መረጠ።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። አንድ ጥቅምት የወፍጮው ቀበቶ ጣቱን ቆረጠውና ጤና ጣቢያ ሄደ። ሕሊና የምትባል ነርስ ቁስሉን እያሰረች ቀና ብላ አየችው።

«ጋሽ እሱባለው፣ ዓይንዎን ምን ሆኑ?»

«ጉንፋን ነው።»

«ጉንፋን አንድ ዓይን ብቻ ይይዛል እንዴ?»

ሳያስበው ሁሉንም ነገራት፤ ግድግዳውን፣ ላቀችን፣ ጠላውን። ሳታቋርጠው ሰማችው። «ይኼ ተራ ራስ ምታት አይደለም» አለችና ባሕር ዳር የነርቭ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ነገረችው።

«ሕመምህ ስም አለው» አለው ሐኪሙ፤ «ክላስተር የሚሉት ራስ ምታት ነው፤ ወቅትና ሰዓት ጠብቆ እየተደጋገመ የሚመጣ። ቡዳም አይደለም፣ እብደትም አይደለም።»

እሱባለው ይህን ሲሰማ እንባው መጣ፤ በዚህ ጊዜ ከሁለቱም ዓይኖቹ።

መጀመሪያ የታዘዘለት መድኃኒት የልቡን ምት አዘግይቶ ስላስቸገረው ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ሐኪሙ ውጭ ከሚመላለስ ወዳጁ ሜላቶኒን የሚባል ክኒን አስመጣለት። «ሰውነታችን ራሱ ሲጨልም የሚሠራው ነገር ነው፣ እንቅልፍን በሰዓቱ የሚያመጣ» አለው። «ሁሉን ሰው አይረዳም፤ ለአንዳንዱ ግን ሌሊት የሚመጣውን ይከላከላል። ከያዘህ በኋላ ብትውጠው ዋጋ የለውም። ወቅቱ እስኪያልፍ ማታ ማታ ሳትተኛ ውሰደው። ጠላ አትንካ።»

መስቀል አለፈ። ሕመሙ መጣ፤ እሱባለውም «ይኼም ከንቱ ነው» አለ። ክኒኑን ግን አላቋረጠም። ቀስ በቀስ ቀለል እያለ ሄደ፤ አንድ ሌሊት ዘለለ፤ ቆይቶም ተከታትሎ ዘለለ። አንድ ቀን ዓይኑን ሲገልጥ በበሩ ስንጥቅ ፀሐይ ገብታለች፤ እህል ያመጡ ሴቶችም ደጅ ሆነው «እሱባለው! ሞተሃል እንዴ?» ይላሉ። ነግቶበት እንደማያውቅ ሰው ደንግጦ ወጣ። «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» አላቸው። ሳቁበት፤ ለእነሱ ምንም አልነበረም።

ኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ ቤት ሄደ። አባ ወልደ ገብርኤል ቦታ ለቀውለት፣ «ልጄ፣ እንዲህ ጠፍቶ መክረም ምንድን ነው?» አሉት።

«ታምሜ ነበር አባ» አለ። ይህን በሰው ፊት ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

«እግዜር ይማርህ! ብትነግረን ምን ነበረበት?» አሉት። ጠላ እንደማይስማማው ሲነግራቸው በጠላው ፈንታ ውሃ አቀረቡለት፤ ማንም አልተቀየመውም። ጥቂት ቆይቶ ጨዋታው ወደ በሬ ዋጋና ወደ አጨዳ ዞረ። እሱ በሬም ማሳም የለውም፤ የሚያወራው አጥቶ ሲያዳምጥ አምሽቶ ወደ ወፍጮው ወረደ።

ያን ጊዜ ነው ክፍሏ ምን ያህል ጸጥ ያለች እንደሆነች የገባው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሕመሙን ሲጠብቅ ሌላ የሚጠብቀው ሰው እንደሌለ አላስተዋለም ነበር። የላቀች እጅ ትዝ አለው። አሁን ቢሆን አይገፈትረውም።

አዲሱ እህል ገብቶ የወፍጮው ሥራ እስኪደራ አልጠበቀም፤ በታኅሣሥ ከወገዳ ከተማ መሀል አንዲት ክፍል ተከራየ። ግድግዳው ስስ ጭቃ ነው፤ ማዶ ያለው ጎረቤት ሲያስል ይሰማል። ክፍሏን ያሳየችው አከራይ፣ «ይኼ ሳል ይረብሽህ ይሆን?» ብላ ሠጋች።

«ግድ የለም» አላት እሱባለው፤ አልጋውንም በዚያው ግድግዳ በኩል አስጠግቶ ዘረጋ።