የዱሩ ሰው ችሎት

የመጡብኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ነበሩ። የራስ ምታት ክኒን የፈለጉ መስሎኝ እጄ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ነበር። አንደኛው ለትንሽ ጉዳይ እንደምፈለግ ነገረኝ፤ ነጭ ጋውኔን ሳላወልቅ ተከተልኳቸው። ጉዳዩ ምን እንደሆነ የገባኝ መኪና ላይ ስንወጣ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የቆሰሉ ሰዎች መድኃኒት ቤቴ መጥተው፣ ቁስላቸውን አጥቤ በፋሻ አስሬላቸው ነበር። ማን እንደሆኑ አልጠየቅኳቸውም። የተያዝኩት በዚህ ነው።

ያስገቡኝ ከሰቆጣ ዳር ባለ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የማሽላ ብናኝ፣ የነቀዝ መድኃኒትና ያልታጠበ ሰው። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለች ክፍተት ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ሥር ቆሜ ሳለሁ፣ ከወደ ጥጉ አንበሳ አገሳ። ቀጥሎ ሰዎች ከት ብለው ሳቁ። እነዚህ ሰዎች አብደዋል አልኩ በልቤ።

አላበዱም። ያገሳው ሰውዬ በከተማችን ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም ሲተረጉም የኖረ ጎልማሳ ነበር። የዱሩን ሰው ፊልሞች በሙሉ በቃሉ ይዟቸዋል። የዱሩ ሰው የምለው ያን ከዛፍ ዛፍ እየተንጠላጠለ፣ ከአውሬ ጋር እየተነጋገረ በየፊልሙ ሰው የሚያድነውን ጀግና ነው። ተዋናዩ ሲያረጅ ሌላ ይተካል፣ ፊልሙ ይቀጥላል። የቀደሙን በጥቁርና ነጭ አዩት፣ እኛ በካሴት፣ ልጆቻችን በስልክ። ተርጓሚው መጋዘኑ ውስጥ በየቀኑ አንዱን ያወራል፤ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ እንደ ሴት ያለቅሳል፣ እንደ ዝሆን ይጮኻል። እስረኛው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል።

እኔን ግን አናደደኝ። መጋዘኑ ውስጥ ከነበርነው ሰዎች አንዳችንም ዳኛ ፊት አልቀረብንም፤ የተከሰሰበት በይፋ የተነገረው የለም። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ፍርድ ቤት አቅርቡን» እንበል፣ እስኪመልሱልን ድረስም ምግብ አንቀበል ብዬ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞርኩ ለመንኩ። ይሰሙኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዞር ስል የትኛው ፊልም ይበልጣል የሚለው ክርክር ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ፣ እናንተ ሰዎች ታስራችኋል እኮ ብዬ ጮህኩባቸው። ተርጓሚው አዝኖልኝ ቀና ብሎ አየኝና «ልክ ነህ፣ ረስቼው ነበር» አለኝ።

የተፋጠጡት ሁለት ፊልሞች ነበሩ። ተርጓሚው የሚሟገትለት «ድልድዩ» የሚሉትን አሮጌውን ነው። የዱሩ ሰው የተበጠሰውን የድልድይ ገመድ በእጁ ይዞ፣ ሊገድሉት የመጡት አዳኞች ሳይቀሩ እስኪሻገሩ ድረስ የማይለቅበት ነው። ከአበርገሌ የመጣ አንድ የፍየል ነጋዴ ደግሞ «መንትያው» አንደኛ ካልተባለ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። በዚህኛው የዱሩን ሰው የሚመስል ወንበዴ በስሙ መንደር ያቃጥላል፤ ጀግናው ስሙን ለማጽዳት ይዋጋል። አዲስ ፊልም ነው፣ አንበሳው በኮምፒውተር የተሠራ። ሁለቱ በዚህ ተኮራርፈው ከቤት የሚመጣላቸውን ስንቅ መካፈል ተዉ። ለፊልም ብለው!

በዋግ ገጠር የቆየ ልማድ አለ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተጣሉ ኩታቸውን አቋጥረው የሚያልፈውን ሰው «ዳኝነት ተቀመጥልን» ይሉታል። የተለመነው ሰው እንቢ አይልም፤ የፈረደውንም ሁለቱ ይቀበላሉ። የእኛዎቹም እንደዚሁ አደረጉ። ዳኛ እንዲሆኑላቸው የለመኗቸው ከፃግብጂ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። እሳቸው በዕድሜያቸው አንድም ፊልም አላዩም፤ የዱሩን ሰው የሚያውቁት እዚያው ከተርጓሚው አፍ ነው። ስለዚህ ለማንም አያዳሉም ተባለ። የታሰሩት በልጃቸው ምክንያት ነው። ልጁ በረሃ አቋርጦ ሳዑዲ ገብቷል። ያሰሯቸው ሰዎች ግን ጠመንጃ ይዞ ሸፍቷል ብለው ልጅዎን ያምጡ ይሏቸው ነበር።

ችሎቱ ቀኑን ሙሉ ዋለ። ሁለቱ ተሟጋቾች ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እየተነሡ «ተጠየቅ» ይባባላሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ሽማግሌው የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይሰማሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ተጋደምኩ፤ ጆሮዬን ግን መዝጋት አልቻልኩም። ሲመሽ ፍርድ ሰጡ። በቤታቸው የሚናገሩት አገውኛ ስለሆነ አማርኛውን እየመረጡ ዝግ ብለው ነው የተናገሩት። መንትያው ላይ የመንደሩ ሰዎች ሰውዬውን ምንም ሳይጠይቁ ፊቱን አይተው ከሰሱት፤ ንጹሕ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ይቅርታ ሳይሉት ጨፈሩ፤ ይሄ ደስ አላለኝም አሉ። ድልድዩን አንደኛ፣ መንትያውን መጨረሻ አደረጉ፤ ሌሎቹን የዱሩ ሰው ፊልሞች በመካከል አስቀመጧቸው። ነጋዴው ፊቱ ጠቆረ። ግን ተነሥቶ እጅ ነሣ።

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌው ከተኙበት አልተነሡም። አጠገባቸው ስቀመጥ እጄን ያዙኝ። ለመናገር አፍረው፣ ሽንት እንቢ እንዳላቸው በጆሮዬ ነገሩኝ። ትናንት ዳኛ ከችሎት አይነሣም ብለው፣ እየመጣባቸው ቀኑን ሙሉ ይዘው ውለዋል። ሌሊቱን ሲሞክሩ አልመጣም። ሆዳቸውን ዳሰስኩ። ከእምብርታቸው በታች ፊኛቸው እንደ ቅል ተወጥሯል፤ ጫን ሳደርገው ጥርሳቸውን ነከሱ። ይህ በሽማግሌዎች ላይ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የሚያስፈልጋቸው አንዲት ቀጭን ቱቦ ነበረች። ሆስፒታሉ ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በእግር የሚደረስበት ነው። ከቆየ ኩላሊታቸው ይሞታል፣ እሳቸውም ይሞታሉ።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩ። ዘበኛው ኃላፊውን ጠራው። ኃላፊው ጥርሱን እየፋቀ መጣ፤ ሲሳደብ ሰምተነው የማናውቅ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነበር። ሕመሙን አስረዳሁት። ሽማግሌ ሁሉ ሽንት ይቸግረዋል አለ። እየለመንኩት ሳለ ዓይኑ ሽማግሌው ላይ አረፈ፤ ዘበኞቹ የትናንቱን ችሎት ነግረውታል።

«መንትያውን መጨረሻ ያደረጉት እርስዎ ነዎት?» አላቸው።

እሳቸው መሆናቸውን ነገሩት። ኃላፊውም በዱሩ ሰው ፊልም ያደገ ሰው መሆኑን፣ ከሁሉም መንትያው እንደሚበልጥ፣ ይህን ፊልም መጨረሻ ማድረግ ግፍ እንደሆነ እየሳቀ አስረዳ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አንቀጨለጨለው።

«አንደኛ ነው ይበሉ። አሁኑኑ መኪና አስነሣለሁ።»

እኔ ፈጥኜ አንደኛ ነው አልኩ። ሁላችንም አንደኛ ነው እንላለን አልኩ። አንተን አልጠየቅኩህም አለኝ፤ ዳኛው ይበሉ። ሽማግሌው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። ላብ ከግንባራቸው ወደ ጢማቸው ይወርዳል።

«ልጄ፣ የታመምኩት እኔ ነኝ» አሉት። «ፍርዱ ምን ሆነ?»

ጆሯቸው ሥር ተንበርክኬ ለመንኳቸው። አባቴ፣ ፊልም እኮ ነው፣ ውሸት ነው፣ አንበሳው እንኳ ውሸት ነው አልኳቸው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። እኔ ግን ውሸቴን አልፈረድኩም አሉኝ።

ኃላፊው ጨዋታው ጣመው መሰለኝ ወደ ፍየል ነጋዴው ዞረ። ይግባኝ በል፣ እኔ እሰማሃለሁ አለው። እፎይ አልኩ፤ ነጋዴው መቼም ለዚህ ፊልም ሲል የማይለው የለም። እሱ ግን ወደ ሽማግሌው ተመለከተ። እሳቸው መብትህ ነው፣ በል አሉት። እነዚያ ዓይኖቹ ከሽማግሌው ወደ ኃላፊው፣ ከኃላፊው ወደ እኔ ሲመላለሱ አየሁ። ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ተረትቻለሁ፣ አለቃ» አለ። «ዳኛችንን ግን ውሰዱልን።»

የኃላፊው ፈገግታ ሄደ። መፋቂያውን ተፋና በሩን ዘጋ። ሽማግሌውንም ነጋዴውንም ባንቃቸው ደስ ባለኝ ነበር። ሰው ሊሞት ነው፤ የሚያድነው አንድ ቃል ነው፤ ቃሉ ደግሞ ስለ አንድ ተራ ፊልም ነው። ነጋዴውን አፌ እስኪደርቅ ሰደብኩት። እሱ ግን ሄዶ የሽማግሌውን እግር ያሽላቸው ጀመር።

ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ሕመሙ ባሰባቸው። ባልዲ አመጣሁና እንዲሞክሩ አቆምኳቸው፤ ውሃ ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው እያፈሰስኩ አሰማኋቸው። ሰው እያያቸው አልቻሉም። ያኔ ማንም ሳያዝ መጋዘኑ በሙሉ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተርጓሚው ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የዝናቡን ጫካ ማውራት ጀመረ፤ ነጎድጓዱን፣ ጎርፉን፣ የዝንጀሮዎቹን ጩኸት። እነዚያ ሁሉ ወንዶች ግድግዳ እያዩ ቆሙ። ጥቂት ጠብታ መጣ፤ ከደም ጋር። ከዚያ ቆመ።

ስንቅ ሲገባ ነጋዴው ሰሃኑን መልሶ በሩ ሥር አስቀመጠ። «ዳኛችንን ውሰዱልን» አለ፣ ሳይጮህ። ተርጓሚውም የእሱን ከጎኑ አስቀመጠና ያንኑ አለ። አንድ በአንድ ሁሉም መጡ። ሳምንታት ሙሉ ለምኜ ያጣሁት አንድ ድምፅ ያን ቀን መጣ። ፍርድ ቤት ያቅርቡን ብዬ ሰሚ ያጣሁት እኔም ንዴቴን ዋጥ አድርጌ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ዘበኛው ሲመጣ ያችኑ ይሰማል፤ ሲሄድ ዝም እንላለን፤ ሲመለስ እንደገና ያችኑ ይሰማል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መኪና መጣ። ኃላፊው አልታየም። ሽማግሌውን ደግፈን በሩ ላይ ስናደርስ ቆም አሉና፣ ተርጓሚውና ነጋዴው ዛሬ ከአንድ ሰሃን እንዲበሉ አዘዟቸው። ሽማግሌው ወደ እኛ አልተመለሱም።

እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ። አንድ ጠዋት ስሜ ተጠራና ወደ ቤትህ ሂድ ተባልኩ። ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ የለም፤ ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። መድኃኒት ቤቴን ከፈትኩ። ሰው ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። አንዳንዱ ደንበኛ ጥሎኝ ሄደ፤ ያለ ምክንያት እንዳልታሰርኩ አምኗል። ምን ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም ነበር።

ባለፈው በጋ ሽማግሌው በሕይወት እንዳሉ ሰምቼ ፃግብጂ ሄድኩ። ቀጥነዋል። ሆስፒታል ውስጥ ቱቦ ተደርጎላቸው ከዚያው ወደ ቤታቸው ተለቀዋል፤ ብዙ ወራት የሽንት ከረጢት ይዘው ኖረዋል። ኩላሊታቸው ተጎድቷል፤ ማረስ አይችሉም። ይህን ሳይ የቆየ ንዴቴ ገነፈለ። ያን ጠዋት አንዲት ቃል ቢናገሩ ኖሮ ዛሬ ጤነኛ ነበሩ፤ ለማን ብለው ነው? ሁሉንም አወረድኩባቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝና ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ያንተስ ነገር? ምን ተፈረደ?»

ምንም አልኳቸው። ጥፋተኛ ነህ ያለኝ የለም፤ ነፃ ነህ ያለኝም የለም፤ ሂድ ብቻ ነው ያሉኝ። ይህን ሲሰሙ ስለ ኩላሊታቸው ስነግራቸው ያላየሁት ሐዘን ፊታቸው ላይ አየሁ። መደቡ ላይ ተነሥተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አጣፉ።

«ቁም» አሉኝ። «ተናገር፣ እሰማሃለሁ።»

መሳቅ አምሮኝ ነበር። ቆምኩ። ስለ ቆሰሉት ሰዎች፣ ስለ ፋሻው፣ ስላልጠየቅኩት ስም ተናገርኩ። ስጀምር ለእሳቸው ብዬ ነበር፤ እየቆየ ግን ለራሴ ሆነ። ለሰው እንዲህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናግሬው አላውቅም። ማን እንደሆኑ ባውቅ ኖሮ አክማቸው እንደነበር ጠየቁኝ። አሰብኩበት። አክማቸው ነበር አልኩ። በአገውኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አሉ፤ ከዚያ በአማርኛ፣ ቃሉን እየመረጡ ፈረዱ።

«ነፃ ነህ። ወደ ሥራህ ሂድ።»

እጅ ነሣሁ። ቁልቁለቱን ስወርድ ብቻዬን ስለነበርኩ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ንዴቴ ዛሬም አለቀቀኝም፤ ስለ ኩላሊታቸው ሳስብ እንቅልፍ የማጣበት ጊዜ አለ። ግን መድኃኒት ቤቴ የሚመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ታስረህ ነበር አሉ፣ ጉዳይህ ምን ላይ ደረሰ ብሎ ሲጠይቀኝ ዛሬ መልስ አለኝ። ዳኛ ፊት ቀርቤ ነፃ ተብያለሁ እለዋለሁ።