ስለ ኮንስታንስ ሐይቅ የሰጠሁት ቃል

የያዙኝ በምሳ ሰዓት ነው። የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ሁለት ሰዎች መጥተው «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሻለን» አሉኝ። ነገሩ ፌስቡክ ላይ የጻፍኳት አጭር ጽሑፍ ነበረች። የሁለት ዓመት ልጄን ጠዋት እህቴ ጋ ትቻት ነበር፤ ከሥራ ስመለስ ልወስዳት።

የታሰርኩበት ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር አሥራ አራት ሴቶች ሆንን። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ ጥቁር አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። ሽንት ቤት የምንወጣው በቀን ሁለቴ ነበር። ስገባ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ብቻ ፍራሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ነይ ልጄ፣ ቀጭን ነሽ፤ ይበቃናል» አሉኝ።

እትዬ እንላቸው ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። የታሰሩት ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ አቤቱታ ላይ ስለፈረሙ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም በተራ የምናውቀውን እናስተምር ነበር፤ አንዷ የልብስ ቅድ፣ አንዷ የዓረብኛ ፊደል። የእትዬ ተራ ሲደርስ የልብስ ሳሙና ቁራጭ አንስተው አረንጓዴው ቀለም ላይ ጅራቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ዓሣ የሚመስል ነገር ሣሉ።

«ይቺ ሐይቅ ኮንስታንስ ትባላለች» አሉ። «ከአውሮፓ ትልልቅ ሐይቆች አንዷ ናት። በዚህ ጀርመን፣ በዚህ ስዊዘርላንድ፣ በዚች ጥግ ኦስትሪያ። የራይን ወንዝ በዚህ ይገባል፣ በዚህ ይወጣል። ሮማውያን አንድ ስም አልበቃቸውም፤ ሰፊውን የላይኛውን ክፍል ቬኔቱስ፣ ትንሹን የታችኛውን አክሮኒየስ አሉት። ኋላ ደግሞ ዳር ባለች ከተማ ስም ብሪጋንቲኑስ ተባለች። ጀርመኖቹ ዛሬም ቦደንዜ ነው የሚሏት፤ ድሮ የንጉሥ ቤት በነበረባት በቦድማን መንደር ስም። ሌላው ሰው ግን ኮንስታንስ ይላታል፤ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በተደረገባት ከተማ።»

«ድንበሯስ?» አለች አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ።

«ሰፊው ክፍል ላይ ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ ሦስቱ አገሮች እስከ ዛሬ አልተስማሙም።»

«ታዲያ አይጣሉም?»

«ዓሣ ያጠምዳሉ።»

ሳቅን። ሥዕሉን አላጠፋነውም፤ ለዚያ ግድግዳ ጌጥ ሆነለት። በማግስቱ ጠዋት ለቆጠራ የገባችው ጠባቂ አየችው። እትዬን ወሰዷቸው።

በሁለተኛው ቀን እኔን ጠሩኝ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ትሁት። ወንበር ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ በስሜ የተተየበ የምስክርነት ቃል ነበር። እትዬ «በሌለ ሐይቅ ሽፋን» እስረኞችን በድንበር ጉዳይ ቀስቅሰዋል ይላል። ከመካከላችን አንዷ ተናግራለች ማለት ነው። ማን እንደሆነች ዛሬም አላውቅም።

«ፈርሚና ዓርብ ልጅሽ ጋ ትሄጃለሽ» አለኝ።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ልፈርም ነበር፤ አልነበረም ብል እዋሻለሁ። ጽሑፉን ደግሜ ሳነብ «በሌለ ሐይቅ» የምትለዋ ላይ ቆምኩ።

«ሐይቁ እኮ አለ» አልኩት።

«ጉዳዩ ስለ ሐይቁ አይደለም።»

«ማረም ይቻላል?»

ሰዓቱን አየና «እንደፈለግሽ» አለ።

የተተየበውን ከላይ እስከ ታች ሰረዝኩት። ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ የሰማሁትን ሁሉ ጻፍኩ፤ ሦስቱን አገሮች፣ ወንዙን፣ ስሞቹን፣ ዓሣ አጥማጆቹን። ከዚያ ፈረምኩ። ወረቀቱን ወደ መርማሪው ገፋሁት።

አነበበው። «ይሄ እኮ ትምህርት ነው።»

«አዎ። የነበረው እሱ ነው።»

ዓርብ መጣ፣ አለፈ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ቆየሁ።

እትዬ በዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። ከስተዋል፤ ግራ እጃቸውን አያነሱም። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «መርማሪው ወረቀትሽን አሳየኝ። ቬኔቱስንና አክሮኒየስን አቀያይረሻቸዋል። ላርምላት ብዬ ብጠይቀው እስክሪብቶ ከለከለኝ» አሉ።

«የታችኛው የቱ ነበር?» አልኳቸው።

በደህናው እጃቸው ሳሙና ፈልገው እንደገና ሣሉልኝ።

አሁን የምኖረው ባሕር ማዶ፣ ፌደራል ዌይ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። አዛውንቶችን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሬኒየር ቢች የማኅበረሰብ ማዕከል ውስጥ ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ተናገርኩ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ስታዳምጥ ነበር። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣

«ሶ፣ ሳይን ብታደርጊ ኖሮ ፍራይዴ ትመጪ ነበር?» አለችኝ።

«እንደዚያ ብሎኝ ነበር።»

«እኔስ?»

«አክስትሽ ጋ ነበርሽ። ስወጣ እማ የምትያት እሷን ነበር። እኔን ስታዪ ቀሚሷ ሥር ተደበቅሽ።»

«አይ ዶንት ሪሜምበር» አለች።

«እኔ አስታውሰዋለሁ» አልኳት። «ይቅርታ።»

ያንን ወረቀት ዛሬ ፊቴ ቢያኖሩትም እንደዚያው ነው የምሰርዘው፤ ያንንም አልደበቅኋትም። ትንሽ አሰበችና «ኦኬ» አለች። እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ከአውራ ጎዳናው ወደ ቤታችን የምንወጣበት መታጠፊያ እስኪደርስ ድረስ አላነሳችውም።