ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር

ያኔ ድምፅ በቡናማ የቴፕ ክር ላይ ይቀዳ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት ሴት ሬዲዮ ጣቢያ ትጠርግ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የወዳደቀውን የክር ቁርጥራጭ ስትለቅም፣ ምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

አንድ ቀን የዚያው ጣቢያ ጋዜጠኞች ሰፈሯ መጡ። ታናሽ እህቷ አንደበቷ የማይያዝ ናትና ጎረቤቱ «አንቺ ተናገሪልን» ብሎ ገፋት። የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ጉድጓዳቸውን እንዳበላሸ፣ ልጆች በተቅማጥ እያለቁ መሆናቸውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። በሳምንቱ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ከንግግሯ የወጣችው ግን «ፋብሪካው ለልጆቻችን ሥራ ሰጥቶልናል፣ እናመሰግናለን» የምትለዋ ብቻ ሆነች።

ከዚያ ወዲያ እህትየዋ ብቅ ስትል ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ምላሷ ስለሚወጋ «እትዬ መርፌ» የሚሏት ጎረቤትማ ፊት ለፊት፣ «ምን ቢያጎርሱሽ ነው እታለም፣ እንዲህ የጣፈጥሽላቸው?» አለቻት። እህትየዋ እህል አልቀምስ ብላ ተኛች። ጠራጊዋም፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ በልቧ «በልታ ይሆን እንዴ?» ሳትል አልቀረችም።

አንድ ጠዋት ግን የጣቢያው ክር ቆራጭ መቀሱን ሲያነሳ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ይሄ የሚወድቀው ምንድን ነው?»

«የሰው ንግግር ነዋ፣ እትዬ። የማይፈለገው።»

«የእህቴስ የት ወደቀ?»

«እኔ አለቆች በቀይ እርሳስ ምልክት ያደረጉበትን ነው የምቆርጠው፤ እንዲህ አትዪኝ።»

በቃሉ ብቻ አላመነችውም፤ በጆሮዋ መስማት ፈለገች። ቆሻሻው የሚቃጠለው በወር አንዴ ነውና ቁርጥራጩ የተጠራቀመበትን ጆንያ ከጓሮ ጎትታ አመጣችው። ለብቻዋ ብትሰማ ማን ያምናታል? ለምሳ ሰዓት እትዬ መርፌን ወደ ጣቢያው ጠራቻት። ቆራጩም በሩን ቆልፎ፣ እየተነጫነጨ፣ ቁርጥራጩን ፈልጎ አገጣጥሞ አሰማቸው።

«ውኃው ይገማል። የኔንም ልጅ ቀብሬያለሁ። ስማችንን ጻፉልን…» አለ የእህትየዋ ድምፅ።

እትዬ መርፌ አንገቷን ደፋች። «በድያታለሁ፤ ዛሬውኑ እግሯ ሥር እወድቃለሁ» አለች። ቀጥላ ግን ጆንያውን አየች፣ ጠራጊዋንም አየች።

«እንዲያው ልጠይቅሽ እቴ፣ በሃያ ሁለት ዓመት የስንቱን ሰፈር አፍ ጠርገሽ አቃጠልሽ?»

ቆራጩ ወደ ጠራጊዋ እጁን ዘርግቶ፣ «አምጪው እትዬ፣ እኔ ልጣልልሽ» አላት፣ በለስላሳ ድምፅ። እጁን አየችው። ጆንያውን በሁለት ክንዷ አቀፈችና ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«ተወው። እዚሁ ይቀመጥ።»