የእመት መብረቅ ቀበቶ

የሊፍት ጠጋኞች አንዱን ባልደረባቸውን «ካልታዘልኩ» ይሉታል። ሙሽራዋ «ካልታዘልኩ አላምንም» እንዳለችው፣ እሱም በእጁ ጎትቶ ያልፈተነውን ነገር አያምንም። አዲስ የብረት ገመድ ከነፋብሪካው ማኅተም ቢመጣለት እንኳ መጀመሪያ ራሱ ይንጠለጠልበታል። «ማኅተሙ አይሸከመኝም» ነው መልሱ። ቁመቱ አጠር፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ አፉ ቁጥብ ሰው ነው።

ሚስቱን ያገኛት በሁለት ፎቅ መካከል ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ መብራት ሄደና የአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ቢሮ ያለበት ሕንፃ ሊፍት ሰው እንደያዘ ቀጥ አለ። ካልታዘልኩ ተጠርቶ ሲደርስ ዘበኛው «የመጽሔቱ ሠዓሊ ናት ውስጥ ያለችው» አለው። እሱም አፉን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግቶ፣

«አይዞሽ እህቴ፣ አየር እንደሆነ ይገባልሻል። አሁን አወጣሻለሁ» አለ።

«አልፈራሁም» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «እርስዎ የሊፍቱ ሰው ነዎት?»

«ነኝ።»

«እግዜር ነው ያመጣዎት! አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እንደ ጣት የቀጠነ ገመድ ሰው ይሸከማል?»

ሊፍቱ ይበጠሳል ብላ የሰጋች መሰለውና «የዚህኛው ወፍራም ነው፤ አያስቡ» አላት፤ ሳያስበው አክብሮቱን ጨመረ።

«የዚህን መች ጠየቅኩዎት? የእመት መብረቅን ነው እንጂ።»

ካልታዘልኩ ወደ ዘበኛው ዞሮ ጣቱን በጆሮ ግንዱ ላይ አሽከረከረ። ዘበኛው ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ አላበደችም። ሥራዋ ነው!»

እመት መብረቅ በመጽሔቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ በየሳምንቱ የምትወጣ የሥዕል ታሪክ ጀግና ነበረች። እንደ ሌሎቹ የኮሚክ ጀግኖች ከሰማይ አልወረደችም፣ ክንፍም አላበቀለችም። ሻሿን ሸብ ያደረገች፣ ሞላ ያለች፣ ጎልማሳ ሴት ናት። ኃይሏ ያለው በቀበቶዋ ውስጥ በምትይዛቸው ዕቃዎች ነው። ካልታዘልኩ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ መኖሯንም አልሰማም።

ጣሪያ ላይ ወዳለው የሞተር ክፍል ወጥቶ፣ ሞተሩን በእጁ እያዞረ ሊፍቱን ከወለል ጋር አስተካከለና ወርዶ በሩን ከፈተው። ሠዓሊዋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ፣ ጉልበቷ ላይ ትሥላለች። ባትሪውን ከአፏ አወጣችና፣

«ትንሽ ቢቆዩ እጨርሰው ነበር» አለችው።

ሥዕሉን አሳየችው። እመት መብረቅ ከእጅ አንጓዋ ላይ ሜንጦ ያለው ገመድ ተኩሳ፣ ከፎቅ ፎቅ ተወንጭፋ፣ በአየር ላይ የወደቀ ሰው ስትቀልብ። ካልታዘልኩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዶ ረጅም ጊዜ አየው።

«ክንዷ ይገነጠላል» አለ በመጨረሻ።

«ምነው!»

«የሁለት ሰው ክብደት፣ በዚያ ላይ የአወዳደቁ ፍጥነት፣ ሁሉም አንድ አንጓ ላይ? ከትከሻዋ ነቅሎ ነው የሚወስደው። ወገቧ ላይ ይታሰር።»

«ክንድ ነው እኮ የሚያምረው።»

«ወገብም ያምራል» አለ ካልታዘልኩ፤ ያለው ነገር ለራሱ የገባው ዘግይቶ ነው። ኮሪደሩ ላይ የተሰበሰቡት የመጽሔቱ ሰዎች በሳቅ ፈረሱ። እሱ መሣሪያውን ሳይሰበስብ ደረጃውን ወረደ። ሠዓሊዋ ናት መፍቻውን ይዛ እስከ በር የተከተለችው።

ከዚያ ወዲህ ያ ሊፍት ደህና ሆኖ ሳለ «ልየው» ማለት አበዛ። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ «ይህን ሊፍት ሐኪም አልለየውም፤ የማናውቀው በሽታ አለበት እንዴ?» እያለ ያሾፍ ነበር። በሽታው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ተጋቡና ሊፍት በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራዩ። አማቱ መጀመሪያ ቀን ሲመጡ ግድግዳ ተደግፈው ካለከለኩ በኋላ ልጃቸውን፣ «የሊፍት ሠራተኛ አግብተሽ እኔን በእግሬ ታስወጪኝ?» አሏት።

ልጅ አልወለዱም። እመት መብረቅን አሳደጉ ቢባል ይሻላል። ሠዓሊዋ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ያገኘችውን የውጭ ኮሚክ ሁሉ ተሸክማ ትመጣለች፤ እሱ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ያወልቅና እያገላበጠ ይነጫነጫል።

«ይኼ ሰውዬ ቀበቶው ውስጥ ገመድ፣ መጋዝ፣ ቦምብ፣ የጋዝ ጭንብል ሁሉ አለው። ቁጭ ሲል አይወጋውም? ደግሞስ ሁልጊዜ የከፈተው ኪስ ውስጥ የፈለገውን ያገኛል። እኔ አንድ መፍቻ ለማግኘት ሣጥኔን ዘቅዝቄ ነው የማራግፈው።»

በሳምንቱ የወጣው ገጽ ላይ፣ ሌባው ቆሞ እየጠበቃት፣ እመት መብረቅ የቀበቶዋን ጓዝ አስፋልት ላይ ዘርግፋ አንድ ቁልፍ ስትፈልግ ታየች። አንባቢ ወደደላት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት በሥዕል የተሠራ ያህል ነበር።

ዕቃዎቹን ይሞክሯቸውም ነበር። የጭስ ኳሱ ሰውን ከጠላት ይሸሽጋል ተባለ፤ በረንዳ ላይ ሲለኩሱት ግን የተሸሸገውን ሰው ሳሉ አጋለጠው። ከከፍታ የሚያንሳፍፈው ካባ ነፋስ ሲመጣ ፊትን ሸፍኖ ወደ ግንብ የሚወስድ ሆኖ ተገኘ። ግድግዳ ላይ ለሚያስወጣው ጓንት ካልታዘልኩ ትልልቅ መስታወት የሚሸከሙበትን፣ አየር መጥጦ የሚጣበቅ የላስቲክ እጀታ ተዋሰ። መስኮት ላይ እንደ መዥገር ነክሶ ያዘ። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ግን ሰውየው ከነልስኑ አልጋው ላይ ተዘረረ።

«አቧራ ነው ጥፋቱ» አለ፣ ኖራውን ከፀጉሩ እያራገፈ። «ንጹሕ ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው።»

ሠዓሊዋ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ እመት መብረቅ ፎቅ ከመውጣቷ በፊት ግድግዳውን በመሐረብ ትወለውል ጀመር።

ታዲያ ሁሌም ሳቅ አልነበረም። አንድ ጊዜ ሠዓሊዋ የሚደረመስ ቤት ሣለች። ጣሪያው ሲወርድ እመት መብረቅ ከቀበቶዋ እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋ ጋሻ አውጥታ፣ አንዲት ልጃገረድ ላይ ከልላ፣ ያን ሁሉ ብሎኬትና ብረት ተሸክማ ቆማለች። ካልታዘልኩ የሚስቱን ትከሻ ተደግፎ አየና እንደ ልማዱ፣

«አይችለውም» አለ። «ዘንጉ ይጎብጣል። ባይጎብጥ እንኳ ጉልበቷ…»

ሠዓሊዋ እርሳሷን አስቀመጠች።

«አይችለውም፣ አውቃለሁ። ያወቅከው አንተ ብቻ ይመስልሃል? የሚሠራውንማ አንተ ጧት ማታ ትሠራለህ። ሰው ስምህን ሳያውቅ፣ ሳይወድቅ፣ ቤቱ ይገባል። የእኔ ሥራ የማይሠራው ነው። ጣሪያ ሲወርድባት ማንም ያልደረሰላት ልጅ አለች። ለእሷ ነው የምሠራው።»

የሠዓሊዋ ታላቅ እህት በልጅነቷ ጣሪያ ተደርምሶባት እንደሞተች ካልታዘልኩ ያውቅ ነበር። ማወቅና መግባት ግን ይለያያል፤ ያን ጊዜ ነው የገባው። ሻይ አፍልቶ አጠገቧ አስቀመጠላት፤ እሷም ሥዕሏን ቀጠለች። ጋሻው ሳይጎብጥ ታተመ።

ዓመታት እንዲህ ካለፉ በኋላ የሠዓሊዋ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጅ መያዝ አበዛች። ቀጥሎ የእመት መብረቅ ፊት ላይ ያልታሰበ መሥመር መታየት ጀመረ። ሐኪሙ በሽታው ዝግ ብሎ የሚሄድ እንደሆነ፣ መድኃኒቱም የሚያዘገየው እንጂ የሚያቆመው እንዳልሆነ አስረዳቸው። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ሁለቱም ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

ካልታዘልኩ ሐዘኑን በእጁ ነው የሚያዝነው። በማግሥቱ ከጠረጴዛዋ በላይ ኮርኒሱ ላይ መዘውር ሰቀለ። በአንድ በኩል ክንዷን የሚደግፍ ለስላሳ ቆዳ፣ በሌላ በኩል ክብደት የሚያመዛዝን ብረት አንጠለጠለ፤ ሊፍት በሚሠራበት ሕግ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ሲሞክሩት ብረቱ በዝቶ ኖሮ የሠዓሊዋ እጅ ወደ ላይ ተተኮሰ።

«እጄ ሊምል ተነሣ!» አለች። ብዙ ሳቁ። ከሐኪሙ ወዲህ መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ነበር።

ብረቱን ቀነሰ፣ አንጓዋ ላይ ከበድ ያለ አምባር መሰል ነገር ጨመረ፣ ገመዱን በላስቲክ አለዘበው። መሥመሯ ተመለሰ። እንደ ድሮው ባይሆንም መሥመር ነበር። ከሥራ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ዕቃውን ይፈትሻል፣ መዘውሩን ዘይት ይቀባል፣ ራሱ ክንዱን ሰጥቶ ይንጠለጠልበታል። ዕቃው አንድም ቀን አላሳፈረውም። በሽታው ግን ዕቃ አይቶ አልተመለሰም። እመት መብረቅ በየሳምንቱ መውጣቷ ቀርቶ በየወሩ ሆነች፤ በኋላም ገጹ ለማስታወቂያ ተሰጠ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብረቱን እንደገና ሊያስተካክል ወንበር ላይ ሲወጣ ሠዓሊዋ እጀ ጠባቡን ያዘችው።

«ተወው አሁን። ዕቃህ ደህና ነው፤ የደከመው እጄ ነው። ና ቁጭ በልና አንድ የማይሠራ ዕቃ ንገረኝ።»

«አልችልበትም፣ እሜቴ።» ሲያቆላምጣት እንዲያ ነበር የሚጠራት።

«ሞክር።»

መሐረቡን ሲያጣጥፍና ሲዘረጋ ቆየ።

«ጓንት» አለ።

«ምን ዓይነት ጓንት?»

«የሰውየው… የሴትየዋ እጅ ጤነኛ ሳለ የሠራውን ሁሉ የሚያስታውስ። ስታጠልቀው ራሱ ይሥልላታል። የእሷን አሣሣል።»

ሠዓሊዋ ፊቷን እንደ ሐኪም አኮሳተረች። «ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ባትሪ የለውም።»

«ታዲያ በምን ይሠራል?»

«እኔ እንጃ» አለ ካልታዘልኩ።

ስለ ዕቃ «እኔ እንጃ» ሲል ሰምታው አታውቅም። ሳቋ ጀምሮ እንባ ላይ ደረሰ፤ እንባው የሳቁ ይሁን የሐዘኑ እሱ አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ አንድ ያመጣላት ነበር። ሞተር ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ብረት ሲፈታ፣ ሲያስብበት ይውላል። የተናገሩትን ድምፅ አጥፎ ኪስ ውስጥ የሚያስቀምጥ መሐረብ። በተኙበት ወንዝ ዳር የሚያደርስ አልጋ። ወደ ትናንት የሚወርድ ሊፍት፤ ይህን ሲነግራት ብቻ አልሳቀችም። «እዚያ ደርሰን በሩ ባይከፈትስ?» አለችው። «እኔ አለሁ አይደል፣ እከፍተዋለሁ» አላት።

ሠዓሊዋ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለች አልተነሣችም።

ለቀስተኛው ሲበተን ካልታዘልኩ ወደ ሥራው ተመለሰ። መዘውሩን ከኮርኒሱ አላወረደውም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ዋና አዘጋጁ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ እመት መብረቅን ሌላ ሠዓሊ እንድትቀጥላት ፈቃዱን ጠየቀው። ካልታዘልኩ «እሷም መሞቷን አትወድም ነበር» አለ፤ የትኛዋን እንደሆነ አዘጋጁ አላወቀም፣ ግን ራሱን ነቀነቀ።

አዲሷ ሠዓሊ አንድ ቅዳሜ የሥዕል ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ቁጥብ፣ ደንገጥ የምትል ወጣት ናት። እመት መብረቅ ጫማዋ ውስጥ ሞላ ተገጥሞላት ከሰገነት ስትዘል ሥላለች።

«ጋሼ፣ ይህ ይሆናል?»

እንደማይሆን ገና ሲያየው አወቀ። ሞላው መልሶ ወደ ላይ ይወረውራታል፤ ሁለተኛ ስትወርድ በጭንቅላቷ ነው። አፉን ከፈተ፤ ክርክሩ ግን አልመጣለትም።

«ጥሩ ነው» አለ።

«ይህኛውስ?»

«ጥሩ ነው።»

ልጅቱ ወረቀቶቿን ዝቅ አደረገች። «አንድም ነገር እንደማያሳልፉ ነበር የነገሩኝ።»

«ልጄ፣ አንድ እጅ አያጨበጭብም» አላት።

ገባትና ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። በሩ ላይ ስትደርስ ጠራት። «ስታርፍ ጉልበቷን አጠፍ አድርጊላት። እንዲያው ለእኔ ስትዪ።» ልጅቱ እዚያው ቆማ፣ ቦርሳዋን በግድግዳው አስደግፋ፣ አስተካከለችው። ለእመት መብረቅ ደህና እጅ እንደተገኘላት ያን ጊዜ አወቀ፤ ደስም አለው፣ ሆድም ባሰው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው። በቅርቡ አንድ አዲስ የገበያ ሕንፃ ሊፍት ሊገጥም ሄዶ፣ ሰው ሲመጣ አይቶ በራሱ የሚከፈት የመስታወት በር አየ። በሩ ለነፋስ ይከፈታል፣ ለድመት ይከፈታል፤ የሕንፃው ባለቤት ሱፋቸውን ለብሰው ሲመጡ ግን ንቅንቅ አላለም። ባለቤቱ አንድ እግራቸውን አንሥተው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ በሩ ፊት ሲጨፍሩ ዋሉ። ካልታዘልኩ ይህን በልቡ ይዞ፣ እንዳይጠፋበት መንገድ ላይ እያሰላሰለ፣ ወደ ቤቱ ገሰገሰ። ቁልፉን አዞረና በሩን ሳይከፍተው በፊት፣

«እሜቴ፣ ዛሬ ምን እንዳየሁ…» አለ።

በሩ ሲከፈት ቤቱ ጭር ብሏል። ጠረጴዛው ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ አርፏል። የጎረቤቱ ሴትዮ በራቸው ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰምተውታል። ቁልፉን ከበሩ ነቀለ፤ ከዚያ ደፉ ላይ እንደቆመ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ በሩና ስለ ድመቷ፣ ስለ ሕንፃው ባለቤትም ጭፈራ እስከ መጨረሻው ተረከላት።