እንግሊዙ አጎቴን የጠራበት ቃል

አባቴ በአሊዩ አምባ ገበያ ጨው ይነግድ ነበር። ገና በጎረምሳነቴ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ባሕር ላከኝ፤ ባሕር ተሻግሬ ኤደን ወደብ ደርሼም ከአንድ እንግሊዝ ነጋዴ ቤት ስሠራ ቋንቋቸውን ለመድሁ። አገሬ ስመለስ ንጉሡ ወደ እንጦጦ ወጥተው ነበርና መናገሻቸው የነበረችው አንኮበር ጭር ብላ ጠበቀችኝ። በዚያ ሰሞን አንድ እንግሊዝ መንገደኛ ከቆላ ወጣ፤ የይለፍ ፈቃድ እስኪመጣለትም ከተማው ውስጥ እንዲቆይ ታዘዘ። የሚናገረውን የሚሰማለት ሰው ስለጠፋ እኔ አስተርጓሚ ሆንሁ።

እንግሊዙን የሚጠብቀው ሹም አንድም ቀን ብቻውን አይለቀውም። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ፈሪ ሹም ደግሞ ከክፉ ሹም ይብሳል። ሃይማኖት አንድ ይሁን ተብሎ አዋጅ ከተነገረ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ማን ምን እንደሚያምን፣ ማን ከማን እንደተማረ ይጠየቃል። የእናቴ ወንድም በወጣትነቱ፣ በሃይማኖቱ ክርክር ከተሸነፈው ወገን መምህራን እግር ሥር ተምሯል። አዋጁ ሲነገር እሺም እንቢም አላለም። ማስተማሩን ትቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጎጆ ቀልሶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያ ዝምታው ነበር እኔን የሚያስፈራኝ።

እንግሊዙ የአጎቴን ወሬ ከማን እንደሰማ እንጃ፣ አንድ ቀን «ወደዚያ ሽማግሌ ውሰደኝ» አለኝ። ሹሙም ተከተለን። አጎቴ ቁርበቱ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ምን ብለህ ነው የምትጸልየው?» ሲል እንግሊዙ ጠየቀ፤ እኔም አስተረጎምሁ።

አጎቴም፣ «እንደ ማንኛውም ሰው ዳዊቴን እደግማለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ። ያን ጊዜ እኔም አልናገር፣ እሱም አይናገር፤ ግን አብረን ነን» አለ።

ይህን በእንግሊዝኛ ስነግረው እንግሊዙ ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ሹሙ ዞሮም «ሚስቲሲዝም!» አለ፤ ደጋግሞም ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አለ?» አለኝ ሹሙ።

ቃሉን ኤደን ሰምቼዋለሁ። ጌታዬ አንድ ጸሐፊውን ዕቃው የት ደረሰ ብሎ ሲጠይቀው ጸሐፊው ዙሪያ ጥምጥም ቢሄድበት፣ «ሚስቲሲዝምህን ተውና ቁርጡን ንገረኝ» ብሎ ጮኾበታል። እመቤቴ ደግሞ መዳፍ የምታነብ ሴትዮ በመጣች ቁጥር ይህንኑ ቃል እያለች ትስቅ ነበር። እንግዲህ እኔ የማውቀው ማደናገርና ጥንቆላ መሆኑን ነው። የትኛውን ልበል? ጠንቋይ ብል ሹሙ አጎቴን እግር ብረት ያስገባዋል።

«ቃሉን አላወቅሁትም፣ ጌታዬ» አልሁ።

ሹሙ አጎቴን አየው፤ እኔን አየኝ። ዝምድናችንን ያውቃል። «አላወቅሁትም? ወይስ አልናገርም? ነገ ጠዋት በካህናቱ ፊት ትነግረኛለህ» ብሎ ወጣ።

ወደ እንግሊዙ ድንኳን ሮጥሁ። የሆነውን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ።

«ይህ ቃል በአገራችን መንገድ ላይ እንደወደቀ ነገር ነው፤ ያገኘው ሁሉ ያነሣዋል» አለኝ። «ሰው ሲቀባጥር እንለዋለን፤ ጠንቋይ ስናይም እንለዋለን፤ ያልገባን ነገር ሁሉ ስሙ እሱ ነው። እኔ ግን በጥንቱ ትርጉሙ ነው ያልሁት፤ ነፍስ ያለ ክርክር ከአምላኳ ጋር አንድ ስትሆን ማለት ነው።»

ይህ ሲገባኝ ይብስ ደነገጥሁ። ከአምላክ ጋር አንድ ሆነ ብል ካህናቱ «ራሱን አምላክ አደረገ!» ይላሉ። ባለ ምስጢር ነው ብል ሹሙ የሚመክር፣ የሚያሤር ሰው አድርጎ ይሰማዋል። የማነሣው ቃል ሁሉ ስለት ሆነብኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሁሉንም አወራሁ። ነፍሰ ጡር የነበረችው ባለቤቴ፣ «አላውቅም ብለሃል፤ በዚያው ጽና» አለችኝ።

ሲነጋ አስቀድሜ ወደ አጎቴ ሄድሁ። ደጁ ላይ ገብስ ያሰጣ ነበር። ጭንቄን ሁሉ ዘረገፍሁለት።

«ሦስቱንም ትርጉም ንገራቸው» አለኝ።

«ጥንቆላ የሚለውንም?»

«እሱንም። ደብቀህ ብትያዝ፣ የደበቅኸው ነው እውነት የሚመስላቸው።»

በሹሙ ግቢ ካህናቱ ተቀምጠዋል፤ እንግሊዙም አጎቴም ቆመዋል። ሦስቱንም ተናገርሁ። ጥንቆላ የሚለው ላይ ስደርስ ሹሙ ወደፊት አዘነበለ። የመጨረሻውን «እግዚአብሔርን በክርክር ሳይሆን በልቡ የሚፈልግ» ብዬ አስተረጎምሁት፤ ከዚያ የቀረበ አላገኘሁለትም። እንግሊዙ የቱን ማለቱ እንደሆነ ተጠየቀ። የአንዱን ቄስ መስቀል ስሞ ሦስተኛውን ነው ብሎ ማለ።

ሹሙ ግን አልለቀቀም። አጎቴን «ዝም ስትል ምን ይነገርሃል?» አለው።

«ምንም አይነገረኝም።»

«የሚመጣውን ታያለህ ይባላል።»

«ጌታዬ፣ ዛሬ ይዝነብ አይዝነብ እንኳ ባውቅ ገብሴን ደጅ አስጥቼ አልመጣም ነበር።»

ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቄስ ሳቁን መግታት አቃተው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሹሙ አንዴ ወደ ሰማይ፣ አንዴ ወደ ካህናቱ አየና፣ «በል ሂድ፣ ገብስህን አስገባ» አለው።

ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከግቢው የወጣው ወሬ ግን በማግስቱ አሊዩ አምባ ገበያ ወረደ፤ ሲመለስም ሌላ ሆኖ ተመለሰ። «ፈረንጅ ባርኔጣውን ያወለቀለት አዋቂ አለ» ተባለ። በቅሎ የጠፋበት መጣ። ጥይት የሚመልስ ክታብ ፈልጎ ወታደር መጣ። ልጅ ያጣች ሴት ደጁ ላይ ወድቃ አለቀሰች። አጎቴ «እኔ አላውቅም፣ እኔ የለሁበትም» ባለ ቁጥር የሚመጣው ሰው በዛ፤ እውነተኛ አዋቂማ ይደብቃል እያሉ። እኔም የፈረስ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር የሹሙ ሰዎች መጡ እያልሁ ከቤቴ ብቅ እል ነበር።

አጎቴ ሰነበተና አንድ ቀን ቁርበቱን ጠቅልሎ ወጣ። ገደሉ አፋፍ ላይ ወዳለ ገዳም ሄደ። እንግሊዙም ፈቃዱ ደርሶለት ወደ እንጦጦ አቀና።

ባለቤቴ ከወለደች በኋላ ልጠይቀው ሄድሁ። ከመነኮሳቱ ጋር ጎመን ሲኮተኩት አገኘሁት። ወንድ ልጅ እንደተወለደልኝ ስነግረው እጁ አፈር እንደሆነ አቀፈኝ።

«እዚህስ ሰው ይመጣብሃል?» አልሁት።

«ይመጣል፤ ጎመን ሊለምን» አለኝ። ደግሞም፣ «እዚህ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ታውቃለህ? አንተ ሽማግሌ፣ ውኃ አምጣ ነው የሚሉኝ» ብሎ ከልቡ ሳቀ።

እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ጉሙ ከቆላ መውጣት ሲጀምር፣ መንገዱ ሳይዘጋብህ ሂድ ብሎ አሰናበተኝ። አንድ እቅፍ ጎመን ለአራሷ ባለቤቴ ይዤ ቁልቁለቱን ወረድሁ፤ የሹሙ ሰው ተከትሎኝ እንደሆነም ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ።