እትዬ ላታይ ያላነበቡት ዜና

እትዬ ላታይን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ሃያ ዓመት ሙሉ የማውቀው ድምፃቸውን ነው። ቤታቸው የገባሁት ሁለቴ ብቻ ነው። የሚቀርባቸው ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር፤ ግን ማንም አልጻፈም።

እዚህ ቫቫኡ ደሴት ላይ በየቀኑ ቀትር ሲሆን የሞተውን፣ የተወለደውን፣ በጀልባ የሚመጣውን በሬዲዮ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። በአባታቸው ዘመን ወሬ የሚደርሰው መርከብ ሲመጣ ስለነበር፣ የሁለት ወሩም ትኩስ ይባል ነበር። ከዚያ ሬዲዮ መጣ። አሁን ደግሞ ስልኩ አለ፤ ሰው ገና ሳያስነጥስ «ይማርህ» ይጻፍለታል።

እትዬ ላታይ ግን አንድ ሕግ አላቸው። በእኛ ዘንድ የቤተሰቡ የበላይ የአባት እህት ናት፤ እሷ ሳትሰማ የሞት ዜና አያነቡም። የጣቢያው ኃላፊ ፌሌቲ በዚህ ተማሯል።

«እትዬ፣ እርስዎ እስኪያነቡ ሰዉ አልቅሶ ጨርሷል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈጠኑ ሰዓቱን ለሙዚቃ እሰጠዋለሁ።»

በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጉልበቱን ሊታከም ዋና ከተማ የሄደው ዓሣ አጥማጁ ሰሚሲ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ ብሎ አንድ የሰፈር ገጽ ስልክ ላይ አወጣ። ሦስት መቶ ሰው የሚያለቅስ ፊት ለጠፈ። ጎረቤቶቹ ትልቁን አሳማውን አርደው ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

እኔ የእህቴን ልጅ መንታዎች ላስነግር ጣቢያው ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ፌሌቲ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ዛሬስ እትዬ?»

እትዬ ላታይ ለሰሚሲ የአባት እህት፣ ለሰማንያ አራት ዓመቷ እማማ ሉሴያኔ ደወሉ። የአሮጊቷ ድምፅ ኮሪደር ድረስ ተሰማ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም! እኔ ሳልሰማ ደግሞ በዚህ ቤት ማንም አይሞትም!»

«ሰማህ?» አሉት ፌሌቲን።

«ቢያንስ ‹ሞተ ይባላል› ብለው ያንብቡት!»

«‹ይባላል› ገበያው ሞልቷል፤ ለእሱ ሬዲዮ አያስፈልግም።»

«እንግዲያው ወሩ መጨረሻ ድረስም አልጠብቅም!» ብሎ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ።

የዚያን ቀን የእኛ መንታዎች ተነበቡ። ሰሚሲ አልተነበበም።

አሥር ሰዓት ላይ ጀልባዋ ደረሰች። ሰሚሲ በክራንች እያነከሰ ሲወርድ ጎረቤቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ እንደ ወጋችን የለቅሶ ምንጣፍ ወገባቸው ላይ ታጥቀው አስከሬን ሊቀበሉ ቆመዋል።

«ማን ሞቶ ነው?»

«አንተ!»

«ይሁን። ምን አርዳችሁ ነው?»

ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። የሞተው የሌላ ደሴት ሰሚሲ ነበር። አሳማው ተበላ፤ ሰሚሲ ራሱም እየተራገመ አብሮ በላ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ «ላታይ አንብበውታል?» ሳይል አያምንም። ፌሌቲም ስለ ሙዚቃው ትንፍሽ አላለም።

ብቻ በግብዣው ላይ ሰሚሲ ጉልበቱን እያሸ ያጉረመረመው ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

«ጠዋት ጀልባዋ መንገድ ላይ ስትቆም ለጣቢያው ደውዬ ‹መኪና ይዘው ይጠብቁኝ ብላችሁ አንብቡልኝ› ብዬ ነበር። አንዲት ሴት እሺ አለችኝ። አልተነበበም አይደል?»

ጣቢያው ውስጥ የምትሠራ ሴት አንድ ብቻ ናት። ለሁለተኛ ጊዜ ቤታቸው የሄድኩት ለዚህ ነው። ጎሮሮዬን ሦስት ጊዜ ጠርጌ ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ጠዋት የሰሚሲን ስልክ ያነሱት እርስዎ ነበሩ?»

«ሻይህ እየቀዘቀዘ ነው» አሉኝና ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት።